ግማሽ ድምፅ

በ2074 ዓ.ም. በድሬዳዋ ቀበሌ አስራ አራት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደወል ይደወላል። ከዚያ በኋላ እስከ አስር ሰዓት መንገድ ላይ ሰው አይታይም። ሱቆች ይዘጋሉ፤ ፍየሎች ወደ ግቢ ይገባሉ፤ ባጃጆች ባሉበት ይቆማሉ። የግድ መሻገር ያለበት ሰው በሸራው ጥላ ሥር፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ፣ ሳይሮጥና ሳይዘገይ ይሻገራል። ልጆች ይህን ሰዓት “ሌሊት” ይሉታል። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ “ሌሊት ሆነ፣ ግቡ!” እያሉ ሲጠራሩ ይሰማል። ቃሉን ያስተማራቸው የለም።

ከጣሪያ ጣሪያ የተዘረጋውን ሸራ የምትሰፋው ሚስራ ነች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከአባቷ ከአቶ ሙክታር ጋር በአንድ የቀበሌ ቤት ትኖራለች። አቶ ሙክታር ልባቸው ደካማ ነው። ሐኪሙ በቀትር ከመቶ ሃምሳ እርምጃ በላይ እንዳይራመዱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በቀትር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እንዳይቀመጡ አዟል። ስለዚህ ደወሉ ከመደወሉ ጥቂት ቀደም ብላ፣ ሚስራ በየቀኑ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጥላ ቤት ትወስዳቸዋለች።

ጥላ ቤቱ የቀበሌው ነው። ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮችና አንድ አሮጌ ማቀዝቀዣ አለው። ሽማግሌዎች፣ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ቀትሩን እዚያ ያሳልፋሉ። ማቀዝቀዣው ሲበላሽ የሚያስጠግነው፣ የበሩን መክፈቻና መዝጊያ ሰዓት የሚወስነው፣ ቦዩን የሚያስጠርገው፣ ደወሉን የሚያስደውለው ዘጠኝ አባላት ያሉት የቀበሌው ምክር ቤት ነው። ደወሉን የሚደውለው ሰው የሚያየው የጥላ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቴርሞሜትር ነው። ሙቀቱ ቀድሞ ከመጣ ደወሉም ቀድሞ ይደወላል።

ከሚስራ በር እስከ ጥላ ቤቱ በር ሰማንያ አራት እርምጃ ነው። ቆጥራዋለች።

ሚስራ አስራ አንድ ሰዎችን ማመስገን ትፈልጋለች። ማን እንደሆኑ ግን አታውቅም።

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት፣ በ2070ው የምክር ቤት ምርጫ ነው። ደንቡ አጭር ነበር፤ ዛሬም አጭር ነው። ከተመዘገበው ነዋሪ ቢያንስ ግማሹ ድምፅ ካልሰጠ ምክር ቤቱ ይታጠፋል፤ ሥራው በሙሉ የከተማውን መዝገብ ወደሚይዘውና አገልግሎቱን ወደሚደለድለው ኮምፒውተር፣ ወደ መዳቢው ይዛወራል። መዳቢው ቢሮ የለውም። ስህተትም እምብዛም የለበትም።

ያን ቀን እናቷ ፈቲሃ ሻሿን አስራ በሩ ላይ ቆማ፣ “ነይ አብረን እንሂድ፤” ብላት ነበር። ሚስራ የምታደርሰው ሸራ ነበራት። “አንቺ ሂጂ፣ እኔ በኋላ፤” አለች። በኋላ አልሄደችም። አመሻሽ ላይ ውጤቱ በጥላ ቤቱ በር ተለጠፈ። ምክር ቤቱ በአስራ አንድ ድምፅ ተርፏል። ሚስራ አንብባው አለፈች።

ከሁለት ወር በኋላ እናቷ ሞተች። በዓመቱ የአባቷ ልብ ታመመ። አንድ ጠዋት አባቷን ይዛ እርምጃ ስትቆጥር፣ ሰማንያ አራት ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ያን ቀን አስራ አንድ ሰዎች እንደ እሷ “በኋላ” ብለው ቀርተው ቢሆን ኖሮ፣ ይህ በር ዝግ ይሆን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አበዛች። በረዶ የሚሸጠው ሰውዬ ከአስራ አንዱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ጥግ ላይ ጫማ የሚጠግነው፣ ልጆቿን ጮክ ብላ የምትሳደበው፣ ከማንም ጋር የማይነጋገረው ጡረተኛ መምህር፣ እያንዳንዳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ለሁሉም ቆማ፣ ዓይናቸውን አይታ ሰላም ትላለች።

“ሚስራ፣ ልትወዳደሪ ነው እንዴ? ሰላምታሽ በዛ!” ይሏታል።

ትስቃለች። ዓይን አፋር ስለሆነች ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም።

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው ቀበሌ በዚያው ምርጫ ግማሽ አልሞላለትም ነበር። የታወጀ ክፉ ነገር አልደረሰበትም። መዳቢው ሦስቱን ጥላ ቤቶች ዘግቶ በአንድ ትልቅ ጥላ ቤት አጠቃለላቸው፤ ለእያንዳንዱ ሽማግሌም በቀን ሁለት ሰዓት ተራ ሰጠ። ለአንዱ ከአምስት እስከ ሰባት፣ ለሌላው ከሰባት እስከ ዘጠኝ። ሄዶ መመለሱ በፀሐይ ነው። ደወሉ በከተማው አማካይ ሙቀት ስለሚሰላ አንዳንድ ቀን ይዘገያል። ቅሬታ ያለው ሰው ቅሬታውን ይናገራል፤ በሦስት ሰከንድ ውስጥ “ቅሬታዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን” የሚል መልስ ያገኛል። በሁለት በጋ ሰባት ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ወድቀው ቀሩ። መዳቢው ለሰባቱም ቤተሰቦች የሐዘን መልእክት ላከ። የአንዳቸውንም ስም አልተሳሳተም።

ቀበሌ አስራ አራት ቢታጠፍ የአቶ ሙክታር ተራ እዚያው ማዶ ነው። ሚስራ ያንንም መንገድ ሄዳ ቆጥራዋለች። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ እርምጃ።

የቀበሌ አስራ አራት ሰዎች አንድ ጥፋት ነበረባቸው። ሙታናቸውን ይቀብራሉ፤ ከመዝገብ ግን አይሰርዙም።

ምክንያቱ ውሃ ነው። በየማለዳው ቦቴ ሲመጣ፣ በመዝገቡ ላይ ስሙ ለሰፈረ አዋቂ ሁሉ አንድ ጀሪካን ይቀዳል። መዝገቡ ደግሞ አንድ ነው፤ የውሃውም የምርጫውም። ሟች የሚሰረዘው ቤተሰቡ ራሱ ቀርቦ ሲያስታውቅ ብቻ ነው። ቤተሰብም አይቀርብም። እናት ስትሞት ጀሪካኗ አይሞትም። የቀበሌው ሠራተኞች ይህን ያውቃሉ፤ በየቀብሩ ቆመዋል፤ በየለቅሶው ተቀምጠዋል። ግን አልጠየቁም። ይህ ደግነት ነበር። ሚስራ ዛሬም ደግነት ነበር ብላ ታምናለች።

በሚስራ ቤት የእናቷን ጀሪካን የሚጠጣው ጊሽጣው ነው። በበሩ ግራ በኩል ያለውን ይህን ዛፍ የተከለችው ፈቲሃ ናት። ሚስራ በየማለዳው ሦስት ጀሪካን ትቀዳለች። ሁለቱን ወደ ቤት ታስገባለች፤ ሦስተኛውን ቀስ ብላ ሥሩ ላይ ታፈሳለች።

የዘንድሮው ምርጫ ግንቦት 19 ቀን ዋለ። ምርጫው የሚካሄደው በጥላ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ከማለዳው አስራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት። ሚስራ ገና ሳይከፈት ተሰለፈች። አርባ አንደኛ ሆና ድምፅ ሰጠች። ስትመለስ ጎረቤቷን ሂርጶን በሩን ሲከፍት አገኘችው። ሂርጶ በኢንዱስትሪ መንደር የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነው።

“ሂርጶ፣ ሳትመርጥ ልትተኛ ነው?”

“አቦ ሚስራ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ቆሜ ነው ያደርኩት። ደሞ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ ምን ያደርጉልኛል? ቦይ ያስጠርጋሉ።”

“አዎ፣ ቦይ ያስጠርጋሉ።”

“በቃ እንግዲህ፣ ቦዩ ሲደፈን ቀስቅሺኝ።” በሩን ዘጋ።

አራት ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው ደወሉ ተደወለ፤ የዚያን ቀን ሙቀቱ ቀድሞ መጥቶ ነበር። መንገዱ ባዶ ሆነ። ጥላ ቤቱ ውስጥ እንደ ወትሮው ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። በአንደኛው ጥግ የምርጫው ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ የቀበሌው መዝገብ ሠራተኛ ኤፍራታ ተቀምጣለች። ሚስራ ከአባቷ አጠገብ ሆና የተቀደደ ሸራ ትጠግናለች።

ስድስት ሰዓት ላይ ኤፍራታ ተነስታ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥር ጻፈች። የተመዘገበ 1,400። ድምፅ የሰጠ 640።

“ስልሳ ሰው ይጎድለናል፤” አለች።

“ይመጣሉ፤ ገና ነው፤” አለ አንድ ሰው።

“እነማን ናቸው የሚመጡት?” ያሉት ጋሽ ብዙአየሁ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩ እድር ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ በየበሩ እየዞሩ የሚለፍፉት እሳቸው ናቸው።

“የቀሩት ናቸዋ፣ ጋሽ ብዙአየሁ፤” አለች ኤፍራታ።

“ግማሾቹን እኔው ራሴ ቀብሬያቸዋለሁ እኮ!”

ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ፤ የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ቀረ።

ጋሽ ብዙአየሁ ከደረት ኪሳቸው ጠርዙ የተበላ ጥቁር ደብተር አወጡ። እድሩ የቀበረውን ሰው ሁሉ ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን የሚጽፉበት ነው። ጣታቸውን እያራሱ ገለጡት፤ ሲቆጥሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ማንም አላቋረጣቸውም።

“መቶ ስልሳ ሦስት፤” አሉ በመጨረሻ። “መቶ ስልሳ ሦስት ሰው እዚህ ደብተር ላይ ሞቷል። አንቺ መዝገብ ላይ ግን ውሃ ይቀዳል።”

ኤፍራታ ጠመኔዋን ይዛ ወደ ሰሌዳው ዞረች። “ቢሰረዙ መዝገቡ ይቀንሳል፤ መዝገቡ ከቀነሰ ግማሹም ይቀንሳል፤” አለች። “ወይ ስልሳ ሕያው፣ ወይ መቶ ሃያ ሙት ያስፈልገናል።”

“አንድ ሙት ግማሽ ድምፅ ነው ማለት ነው?” ሚስራ ናት። ድምፅዋን ራሷም አላወቀችውም።

“ግማሽ ነው።”

እያንዳንዱ ሰው ወደ ራሱ እግር ያያል። በእያንዳንዱ ቤት አንድ ጀሪካን አለ። ከዚያ ጀሪካን የሚታጠብ ሕፃን አለ፣ የሚጠጣ ፍየል አለ። ሚስራ መርፌዋን ሸራው ላይ ሰካች። የአባቷን ቀጭን ጉልበቶች አየች። ከዚያ ጊሽጣውን አሰበች፤ ያን ሰሞን አበባ ይዞ ነበር።

“አባ፣ ልሰርዛት?” አለች በሹክሹክታ።

አቶ ሙክታር ዓይናቸውን አላነሱም። “እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ዛፉን የምታጠጪው አንቺ ነሽ።” ጉልበታቸውን ዳሰሱ። “እሷ ብትሆን እስካሁን ተነስታ ነበር።”

ሚስራ ተነሳች። ከአግዳሚው እስከ ጠረጴዛው አስራ ሁለት እርምጃ ነው። ሰው ሁሉ ያያታል።

“የሟች ስም?” አለች ኤፍራታ።

“ፈቲሃ ኡስማን።”

“የሞቱበት ቀን?”

“ሐምሌ 11 ቀን 2070፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤” አሉ ጋሽ ብዙአየሁ ከኋላ፣ ደብተሩን እያነበቡ።

“ሳታስታውቁ የቆያችሁበት ምክንያት?”

“እሱም ግድ ይጻፋል?”

“ባዶ ከሆነ መዳቢው አይቀበለውም።”

“ጊሽጣ፤” አለች ሚስራ።

ኤፍራታ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ “ጊሽጣ” ብላ ጻፈች። መዳቢው ተቀበለው። ሚስራ በአውራ ጣቷ ፈረመች። መዝገቡ 1,399 ሆነ።

ቀጥለው የተነሱት እማማ ተዋበች ናቸው፤ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ቀረቡ።

“ባሌን ሰርዢልኝ።”

“ምክንያት?”

“በሕይወቱ አንድ ጀሪካን አንስቶ አያውቅም። ከሞተ ወዲህ ነው በየቀኑ ውሃ የሚያመጣልኝ። ጥሩ ባል የሆነው አሁን ነው፤ እስከ ዛሬ እንዴት ልሰርዘው?”

“ረዘመ፣ እማማ።”

“እንግዲያው ‘ተመለሰ’ ብለሽ ጻፊ።”

ሰውም ተሰለፈ። አንዱ ሽማግሌ የወንድማቸውን ስም ከሰጡ በኋላ ምክንያት ሲጠየቁ “አፈርኩ” አሉ። ሌላዋ “ረሳሁ” አሉ፤ ከዚያ ግማሽ መንገድ ሄደው ተመለሱና “አልረሳሁም፣ አጥፊው። ‘ካልሰረዝኳት ያለች መሰለኝ’ በይ፤” አሉ። ኤፍራታ ሁሉንም ጻፈች። የሴት ልጃቸውን ስም የሰጡት አባት ዘንድ ስትደርስ፣ ምክንያቱን ሳትጠይቅ ራሷ አንድ ነገር ሞላች። ምን እንደጻፈች ማንም አልጠየቃትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃያ ሁለት ሰው ተሰርዞ ነበር። ጥላ ቤቱ ውስጥ ሊሰርዝ የሚችል ሰው አለቀ። የቀሩት ሟቾች ቤተሰቦች በየቤታቸው ገብተዋል። የመውጫው ደወል አስር ሰዓት ላይ ይደወላል፤ ምርጫው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል።

“በሁለት ሰዓት ውስጥ በየቤቱ ማን ይዞራል?” አለች ኤፍራታ። “ደግሞስ፣ ሰው ለምርጫ ና ሲሉት መቼ ይመጣል?”

ሁሉም የጋሽ ብዙአየሁን ጡሩምባ አየ። ጡሩምባው ጉልበታቸው ላይ ነው።

“እንዳታስቡት፤” አሉ ጋሽ ብዙአየሁ። “የእድሩ ደንብ አለ። ይህ ጡሩምባ ከሞት በስተቀር ለምንም አይነፋም። አባቴም አልነፋም። ለሠርግ ለምነውኝ እምቢ ብያለሁ።”

በድሬ ሽማግሌም ሽማግሌውን አንተ ይላል። አቶ ሙክታር ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ በቀስታ፣ “ብዙአየሁ፤” አሉ፣ “ማን ለምርጫ ንፋ አለህ? ለሞት ንፋ። መቶ ስልሳ ሦስት ሰው ሞቷል፤ መንግሥት ገና አልሰማም።”

ጋሽ ብዙአየሁ የጡሩምባውን አፍ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

አስር ሰዓት ላይ የመውጫው ደወል ተደወለ። ከደወሉ ቀጥሎ ጡሩምባው ተሰማ። በጠራራ ፀሐይ ተነፍቶ አያውቅም ነበር።

“የሰፈር ሰው ስማ!” አሉ ጋሽ ብዙአየሁ ከመጀመሪያው በር ላይ። ደብተሩን ከፍተው ይዘዋል። “ፈቲሃ ኡስማን ዛሬ ትሰናበታለች! አሰፋ ገብሬ ዛሬ ይሰናበታል! ጫልቱ ሂርባዬ ዛሬ ትሰናበታለች! የሟች ቤተሰብ ሁሉ ጥላ ቤት ይምጣ! እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ነው!”

ከበር ወደ በር ሄዱ። በየበሩ የዚያን ቤት ሙት በስሙ ጠሩ። ሚስራ ከጎናቸው ሆና በተረፈ ሸራ አናታቸው ላይ ጥላ ያዘች፤ ሙቀቱ ገና አርባ ሁለት ዲግሪ ነበር።

በድሬ ለምርጫ የማይነሳ ሰው ይኖራል። የእድር ጡሩምባ ሰምቶ የሚቀር ግን የለም። በሮች ተከፈቱ። ሴቶች ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ወጡ፤ ወንዶች ኮት ደረቡ። ማን እንደሞተ ሳያውቁ ፊታቸውን አከበዱ። ጥላ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ኤፍራታ ነገሩን በአጭሩ ትነግራቸዋለች። ሁለት ሰዎች ተቆጥተው ተመለሱ። አንደኛው ከሩብ ሰዓት በኋላ የሟች ሚስቱን መታወቂያ ይዞ መጣ።

ሂርጶ ዓይኑን እያሸ፣ ጫማውን በባዶ እግሩ አጥልቆ ደረሰ።

“ማን ሞተ?” አለ ሚስራን።

“መቶ ስልሳ ሦስት ሰው።”

“ወላሂ? እኔ እኮ ተኝቼ ነበር!”

ከዚያ ሰሌዳውን አነበበ። ሰሌዳውን ትቶ አግዳሚው ላይ የተደረደሩትን ሽማግሌዎች አየ። የጋሽ ብዙአየሁ ድምፅ ከሁለት በር በላይ “ዲርባ ቶላ ዛሬ ይሰናበታል!” ሲል ሰማ። ዲርባ ታላቅ ወንድሙ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በፊት በፋብሪካ አደጋ የሞተ። ሂርጶ ተሰለፈ። መጀመሪያ ወንድሙን ሰረዘ። ቀጥሎ ድምፅ ሰጠ። ሲወጣ ቀይ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ፣ “እኛስ አንድ ተኩል ሆንን፤” አለ።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ኤፍራታ ሳጥኑን ዘጋች። ሰው በሩን ሞልቷል። አዲሶቹን ቁጥሮች ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ የጠመኔው ድምፅ ይሰማ ነበር። የተሰረዘ 74። የተመዘገበ 1,326። ግማሹ 663። ድምፅ የሰጠ 668።

“አምስት ይበልጣል፤” አለች። ደግማም፣ “አምስት ይበልጣል። ምክር ቤቱ አለ፤” አለች።

ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች እልል ለማለት አልተመቻቸውም። እርስ በርስ ተያዩ።

“አሁን እንኳን ደስ አላችሁ ነው የሚባለው ወይስ ነፍስ ይማር?” አለ አንዱ ከኋላ።

“ሁለቱንም በል፤” አሉ እማማ ተዋበች።

ሰውም ሁለቱንም ተባባለ። ሚስራ እዚያ በር ላይ ቆማ፣ ከሚወጣው ሰው ሁሉ ጋር ተጨባበጠች። አንዳንዱ ምን እንዳደረገ ባያውቅም “አሜን” ብሎ አለፈ። አቶ ሙክታር በመጨረሻ ወጡ። ሰማንያ አራቱን እርምጃ ክንዷን ይዘው ሄዱ። ሲገቡ በበሩ ግራ ቆመው ጊሽጣውን በእጃቸው ዳሰሱት።

“ግማሽም ብትሆን፣” አሉ፣ “ያው ፈቲሃ ነች።”

በማግስቱ ቦቴው መጣ። በሚስራ ቤት ሁለት ጀሪካን ተቀዳ። ሰባ አራት ጀሪካን ከሰፈሩ ቀረ። በብዙ ቤቶች የልብስ ማጠቢያ ቀን ከሳምንት ወደ አስር ቀን ተዛወረ። ሰው አጉረመረመ፤ ግን ማንም ጋሽ ብዙአየሁን አልወቀሰም። በሰኔ የጊሽጣው አበባ ረገፈ። በሐምሌ ቅጠሉ ከዳር ከዳር ደረቀ።

አዲሱ ምክር ቤት በሐምሌ ሥራ ጀመረ። ሚስራ ሰው ፊት ቆሞ መናገር አይሆንላትም፤ ስለዚህ ማመልከቻ ጻፈች። አራት መስመር ነበር። የጥላ ቤቱ ማቀዝቀዣ በቀን ሁለት ጀሪካን የሚሆን ውሃ እያንጠባጠበ ወደ ቦዩ እንደሚፈስ፣ ያንን ውሃ በመንገዱ ዳር ላሉት ዛፎች መምራት ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ምክር ቤቱ በዚህ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተከራከረ። አንዱ አባል ውሃው ለወለል መወልወያ ይሁን አለ። ሌላዋ ፍየሎች ያሏቸው ቤቶች ይቅደሙ አለች። አንዱ ዛፍ ይጠላል፤ ለምን እንደሚጠላ በዝርዝር አስረዳ። ጥላ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሽማግሌዎች ስብሰባውን ሲያዳምጡ ዋሉ፤ እየመሰከሩ፣ እየተሳለቁ፣ አባላቱን በልጅነት ስማቸው እየጠሩ። በመጨረሻ እጅ ወጣ። አምስት ለአራት። ውሃው ለዛፎች ሆነ።

ቀጭኑን ቱቦ የዘረጉት የቦዩ ሠራተኞች ናቸው። ቱቦው በዘጠኝ ዛፎች ሥር ያልፋል። ጊሽጣው ስድስተኛው ነው። በቀን የሚደርሰው ውሃ ከፈቲሃ ጀሪካን ሩቡን አይሞላም፤ ግን በየቀኑ ይደርሰዋል።

በዚያ ዓመት አላፈራም። በሚቀጥለው ሰባት ፍሬ ያዘ።

ሰባቱ ሲበስሉ ሚስራ በሳህን አድርጋ ወደ ጥላ ቤት ወሰደቻቸውና አግዳሚው ላይ አኖረቻቸው። ለማን እንደሆነ አልተናገረችም። ደወሉ ተደውሎ ነበር። እማማ ተዋበች አንዱን አነሱ። በረዶ ሻጩ አንዱን ለሁለት ከፍሎ ለጎኑ ሰው ሰጠ። ሂርጶ በዚያ ሰሞን ወደ ቀን ፈረቃ ተዛውሮ ነበር፤ የዕረፍት ቀኑ ስለሆነ ቀትሩን ከነሱ ጋር ነበር። አንዱን አንስቶ ፍሬውን እየጠባ፣ ጥቁር ዘሩን መዳፉ ላይ እየተፋ ቆየ።

“ሚስራ፣” አለ፣ “ያን ጊዜ በስንት ድምፅ ነበር የተረፍነው?”

“በአምስት።”

“እነዚያ አምስቱ እነማን ይሆኑ?”

ሚስራ ሸራዋን አኖረች። አባቷ ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ደረታቸው ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል። በአግዳሚው ላይ የተደረደሩትን ሰዎች ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ በአንድ አየቻቸው።

“አራት ተኩሉን አላውቃቸውም፤” አለች። “ግማሿ እናቴ ነች።”